ሰማያዊ ጨርቅ ሰቅዬ የፍራፍሬ ዝንብ አልያዝ አለኝ፤ ቢጫው ይሻላል ወይስ ቀዩ?

የጫሞ ዳር

ለመድረኩ ቤተሰቦች ሰላምታዬ ይድረስ። ከአርባ ምንጭ ወጣ ብሎ፣ ከጫሞ ሐይቅ ብዙም በማይርቅ መሬት ላይ 60 ያህል የማንጎ ዛፎች አሉኝ። ግማሾቹ አባቴ ከፍሬ ያበቀላቸው ረጃጅም የአገር ዛፎች ናቸው፤ የቀሩት ኬንትና ቶሚ አትኪንስ የሚባሉት የተዳቀሉ ናቸው። መከራዬ የፍራፍሬ ዝንብ ነው። ማንጎው ከውጭ ሲያዩት ያምራል፤ ሲቆርጡት ውስጡ ትል ነው። ነጋዴው ከአንድ ሳጥን ሁለት ትላም ፍሬ ካገኘ የጭነቱን ሁሉ ዋጋ ይሰብርብኛል። አልፈርድበትም፤ እሱም ከተማ ሲደርስ የሚያፍርበት ደንበኛ አለው።

ዘንድሮ በራሴ እጅ ወጥመድ ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። በእኛ አካባቢ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ወጥመድ በጫካው ዳር የሚተከለው ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ ነው፤ ከብቶቻችንን በገንዲ በሽታ የምትጨርሰው ዝንብ የምትያዝበት። እሷ በሰማያዊ ከተያዘች ይቺም ትያዛለች ብዬ አሰብኩ። ሰማያዊ ጨርቅ ገዝቼ፣ የማይደርቅ ሙጫ ቀብቼ፣ በስድስት ዛፎች ላይ ሰቀልኩ። በአሥር ቀን ውስጥ ያገኘሁት አቧራ፣ ደረቅ ቅጠልና ጥቂት የቤት ዝንብ ነው።

ከዚያ ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲኮችን ቀዳድጄ የበሰበሰ ማንጎ በስኳር ውኃ ጨመርኩባቸው። እነሱስ በየሦስት ቀኑ ይሞላሉ። ነገር ግን ትሉ በአንድ ፍሬ እንኳን አልቀነሰም። አንዱ ጎረቤቴ «ቢጫ ቀለም ቀባው» ይለኛል፤ ሌላው «ቀይ ኳስ ነው የሚሰቀለው፣ በቪዲዮ አይቻለሁ» ይላል። ቀለሙ እውነት ለውጥ ያመጣል? የምታውቁ አስረዱኝ።

ሰብል ጠባቂ

ወንድሜ፣ ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። በፕላስቲኩ ውስጥ የተያዙትን ነጭ ሳህን ላይ ገልብጠህ አንድ በአንድ አይተሃቸዋል? ምን ያህላሉ? ዓይናቸው ምን ዓይነት ነው? ክንፋቸው ነጠብጣብ አለው ወይስ የጠራ ነው? በትከሻቸው ግራና ቀኝ ቢጫ መስመር አለ?

የጫሞ ዳር

እህቴ፣ እንዳልሽው ገልብጬ አየሁ። እጅግ የሚበዙት የጤፍ ያህል ባይሆኑ እንኳን ከሩዝ ፍሬ ግማሽ የማይበልጡ፣ ቀይ ዓይን ያላቸው ናቸው። ከቤት ዝንብ የሚጠጉ፣ ደረታቸው ጠቆር ብሎ በጎንና በጎኑ ቢጫ መስመር ያላቸው ያገኘሁት አራት ብቻ ነው። ሆዳቸው ላይ እንደ መስቀል ያለ ጥቁር ምልክት አለ።

ሰብል ጠባቂ

ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። ቀይ ዓይን ያላቸው ትንንሾቹ የሆምጣጤ ዝንቦች ናቸው። እነሱ የሚፈልጉት በስብሶ የፈላ ፍሬ ነው፤ ያልተነካ ማንጎ ልጣጭ የሚበሱበት ሹል የእንቁላል መጣያ የላቸውም። ወጥመድህ የሚሞላው ባልበደሉህ ዝንቦች ነው። ጠላቶችህ እነዚያ አራቱ ናቸው። መስቀል ያልከው ምልክት የላቲኑን «ቲ» ፊደል የሚመስል ከሆነ በእጅህ ያለው የእስያው የፍራፍሬ ዝንብ ነው። ይህ ዝንብ እ.ኤ.አ. በ2003 ኬንያ ውስጥ ከታየ በኋላ በአፍሪካ እንደ ሰደድ እሳት ተስፋፋ። መጀመሪያ አዲስ ዝርያ መስሎ «ኢንቫደንስ»፣ ማለትም ወራሪው፣ የሚል ስም ተሰጥቶት ነበር፤ በኋላ ግን ከእስያው «ዶርሳሊስ» ጋር አንድ መሆኑ ታወቀ። በአገራችን ከእሱ ሌላ ክንፋቸው ዥጉርጉር የሆነ የአፍሪካ ተወላጆችም ማንጎን ያጠቃሉ።

ወደ ቀለሙ ልምጣ። «የትኛው ቀለም ይሻላል» ከማለታችን በፊት «ዝንቧ በዚያ ሰዓት ምን ፈልጋ ነው የምትበረው» ብለን እንጠይቅ። ከአፈር የወጣች ወጣት እንስት ወዲያው እንቁላል አትጥልም። እንቁላሏ እንዲጎለብት ፕሮቲን ያስፈልጋታል፤ እሱንም የምትለቅመው ከቅጠል ላይ ነው፤ ከወፍ ኩስ፣ ሌሎች ነፍሳት ከሚያንጠባጥቡት ጣፋጭ ፈሳሽ፣ ቅጠሉ ላይ ከሚራቡ ባክቴሪያዎች። ስለዚህ የተራበች ዝንብ ቅጠል ትፈልጋለች። ቅጠል የሚያንጸባርቀው ብርሃን በአብዛኛው ከ500 እስከ 600 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) ባለው ክልል ነው። ደማቅ ቢጫ ቀለምም በዚያው ክልል፣ ግን ከቅጠል በብዙ እጥፍ አብልጦ ያንጸባርቃል፤ ሰማያዊውንና ለሰው ዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ደግሞ ያስቀረዋል። ለእኛ ቢጫና አረንጓዴ የተለያዩ ናቸው። ለእሷ ቢጫው ከቅጠልም የበለጠ ቅጠል ነው።

እንቁላሏ ሲጎለብት ግን ፍለጋዋ ይለወጣል። ያን ጊዜ ዓይኗ የሚያየው ክብ ነገርን፣ መጠኑን፣ ከጀርባው ካለው ብርሃን ተለይቶ መታየቱን ነው። ያቺው ዝንብ ናት፤ ነገር ግን የትናንቱ ወጥመድ ዛሬ ያን ያህል አይስባትም። የሰቀልከው ጠፍጣፋ ሰማያዊ ጨርቅ ለተራበችዋ ቅጠል አልሆነላትም፤ ለምትጥለዋም ፍሬ አልሆነላትም።

የቆላ ሐኪም

በእንስሳት ጤና ሥራ ብዙ ዘመን አሳልፌ አሁን በጡረታ ላይ ነኝ። ልጄ፣ ያ ሰማያዊ ጨርቅ አላታለለህም፤ ለሌላ ዓይን የተሠራ ስለሆነ ነው። ቆላ ዝንብ፣ ጸጸ የምንላት፣ ከደም በቀር ሌላ ምግብ አታውቅም፤ ወንዱም ሴቷም ደም ነው የሚመገቡት። የምትፈልገው በሬ፣ ጎሽ፣ ከርከሮ ነው። ሰማያዊው ከሩቅ ይጠራታል፤ ጥቁሩ ያሳርፋታል። ሁለቱን አጠጋግተን የምንሰፋው ለዚህ ነው። ጥቁር የሌለበት ሰማያዊ ጨርቅ ዙሪያውን እንድትበር ያደርጋታል እንጂ በወጉ አያሳርፋትም።

ሰማያዊ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። ከገበያ ያገኘነውን ሁሉ አንገዛም ነበር። ለእኛ ዓይን መንትያ የሚመስሉ ሁለት ጨርቆች ለዝንቧ ሊለያዩ ይችላሉ፤ እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት አንዱ ይመልሳል፣ ሌላው ይውጣል። ፀሐይ የበላው ጨርቅ የሚይዘው ዝንብ ሲቀንስ በዓይኔ አይቻለሁ። ከወጥመዱ ሥር ደግሞ የከብት ሽንትና አሴቶን በጠርሙስ እናስቀምጥ ነበር፤ ሽታው ከሩቅ ያመጣታል፣ ቀለሙ በቅርብ ይጨርሰዋል። የአንተስ ጨርቅ ምን ሽታ ነበረው?

የጫሞ ዳር

ጋሼ፣ ምንም ሽታ አልነበረውም። ሙጫ ብቻ።

ከሀድሰን ሸለቆ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ያለሁት ኒው ዮርክ ግዛት፣ በሀድሰን ሸለቆ በሚገኝ የፖም እርሻ ነው፤ ስምንተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጎረቤትህ በቪዲዮ ያየው ቀይ ኳስ የእኛ መሣሪያ ስለሆነ ስለ እሱ ልናገር።

የእኛ ጠላት የፖም ዝንብ ይባላል። ጥንት የሚኖረው ሀውቶርን በሚባል የዱር ቁጥቋጦ ፍሬ ላይ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሰፋሪዎች ካመጡት ፖም ጋር ተላመደ። ይህ መጀመሪያ የተስተዋለው በዚሁ በሀድሰን ሸለቆ ነው። ሮናልድ ፕሮኮፒ የሚባሉ ተመራማሪ በ1960ዎቹ መጨረሻ ቀላል ጥያቄ ይዘው ፖም እርሻ ገቡ፤ ዝንቧ ፖምን በምን ታውቀዋለች? የእንጨት ኳስ በልዩ ልዩ ቀለምና መጠን እየቀቡ፣ ሙጫ እያለበሱ ሰቀሉ። ስምንት ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጠቆር ያለ ኳስ እንቁላል የደረሰባቸውን እንስቶች አመጣ። ኳሱን በጣም ሲያተልቁት ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ 45 ሴንቲ ሜትር ከሆኑት ኳሶች የበለጠ የያዘው ቢጫው ነበር። ያን የሚያህል ፖም ስለሌለ ዝንቧ እንደ ፍሬ አላየችውም፤ ቅጠል የበዛበት ጉብታ ሆነባት። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ወጥመድ ስሰቅል በዛፉ ውስጥ የምትበር እየመሰለኝ ነው የምሠራው።

አሰቃቀሉን ካላወቃችሁ ኳሱ ብቻውን አያድንም። ከዛፉ ውጭ አንሰቅለውም፤ ፍሬ ባለበት ጥልቀት፣ በሰው ቁመት ገደማ ወይም ትንሽ ከፍ አድርገን ቅርንጫፍ ውስጥ እናስገባዋለን። ከዚያ ኳሱን የሚነኩትን ቅጠሎችና ፍሬዎች እንመለምላለን፤ ኳሱ ከብርሃኑ ተለይቶ እንዲታይ። ከጎኑ የበሰለ ፖም ሽታ ያላት ትንሽ ብልቃጥ ትንጠለጠላለች። ሽታ ባለው ኳስ ላይ በአማካይ አምስት ዝንብ እስኪደርስ አንረጭም። ከዚያ በታች ከሆነ መድኃኒቱ መጋዘን ይቀመጣል። ይህ ብዙ ርጭት አድኖልናል።

አንድ ነገር ልጨምር። የፖም ዝንቧ እንቁላል ከጣለች በኋላ ጅራቷን በፍሬው ላይ እየጎተተች ሽታ ትቀባለች፤ ሌላዋ መጥታ «ይህ ተይዟል» ብላ እንድትሄድ። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ዝንቧን የምጠላት ያህል አደነቅኋት።

ግን ወንድሜ፣ ቀይ ኳስ ገዝተህ ማንጎ ላይ አትስቀል። የፓፓያን ዝንብ በአሜሪካ ሐሩር አካባቢ የሳበው አረንጓዴ ኳስ ነው፤ እውነተኛው ፓፓያ አረንጓዴ ሳለ ነውና የምትወጋው። የእያንዳንዷ ዝንብ ፍሬ ሌላ ነው።

አዲስ ተማሪ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ግራ ገብቶኛል። መምህራችን ዝንብ ቀይን አታይም ብለውናል። ታዲያ ቀይ ኳስ እንዴት ይስባታል?

ከሀድሰን ሸለቆ

ጥሩ ጥያቄ ነው። መምህራችሁ ልክ ናቸው። የእነዚህ ዝንቦች ዓይን ለአልትራቫዮሌት፣ ለሰማያዊና ለአረንጓዴ ንቁ ነው፤ እኛ ቀይ የምንለው ረጅሙ ሞገድ ግን አይደርሰውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ኳሱ ለእሷ ቀይ አይደለም፤ ጥቁር ነው። ከሰማይ ብርሃን ፊት የተንጠለጠለ ጥቁር ክብ ያማልላታል። በጥቁር ቀለም የተቀባ ኳስም ተቀራራቢ ዝንብ ይይዛል። ቅጠሉን የምንመለምለውም ለዚህ ነው፤ ጥቁር ክብ በጥቁር ጥላ ውስጥ ቢሰቀል ማን ያየዋል?

የሐረርጌ ልጅ

እኔ ምሥራቅ ሐረርጌ ነው የማመርተው። ሜቲል ዩጂኖል የሚባለውን ማማለያ ከባለሙያ አግኝቼ አራት ወጥመድ ሰቅያለሁ። ቀለም አልቀባሁም፣ ነጭ ዕቃ ነው። በሳምንት እፍኝ በእፍኝ ዝንብ አወጣለሁ፤ ሁሉም ያ ቢጫ መስመር ያለው ነው። ስለዚህ ስለ ቀለም መጨነቁ ትርፉ አይታየኝም። ሽታው ይበቃል። የሚያሳዝነኝ ግን ይህን ሁሉ ዝንብ እየያዝኩ ማንጎው መትላቱ አላቆመም።

ሰብል ጠባቂ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ራስህ መልሰኸዋል። ሜቲል ዩጂኖል የሚጠራው ወንዱን ብቻ ነው። እንስት ከሞላ ጎደል አትመጣም። እፍኝ የሞላው ዝንብህ ሁሉ እንቁላል የማይጥል ነው። አንድ ወንድ ከብዙ እንስቶች ጋር ስለሚገናኝ የተረፉት ጥቂቶች ሥራውን ይሠሩታል። በዚህ መንገድ ዝንቡን ማጥፋት አይቻልም ማለቴ ግን አይደለም፤ በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው የሮታ ደሴት በ1960ዎቹ ከዚህ ዝንብ የጸዳችው ማማለያውና መርዙ የተነከረባቸውን ትንንሽ ሰሌዳዎች ከአውሮፕላን በመላ ደሴቷ በመጣል ነው። ደሴት ነበረች፤ የቅርብ ጎረቤት አልነበራትም። የአንተ አራት ወጥመድ ግን ከጎረቤት ማሳ ሁሉ ወንድ ይጠራልሃል።

ወጥመድህ ዋጋ የለውም አላልኩም። ዝንቡ መቼ እንደሚበዛ ይነግርሃል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። እንደ መከላከያ ግን አትቁጠረው።

ቀለምን ስለ መናቅህ ደግሞ አልስማማም። ጠንካራ ማማለያ ባለበት የቀለም ድርሻ ያንሳል፤ ቢሆንም አይጠፋም። በሃዋይ በዚሁ ዝንብ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ቢጫና ነጭ ወጥመዶች ከጠቆሩት ይልቅ ብዙ ይዘዋል። ነጭ ዕቃህ ሳታውቀው ረድቶህ ይሆናል። ለእንስቷ ያለን ጥሪ ግን የምግብ ሽታ ነው፤ እሱ ደካማ ስለሆነ ቀለሙ የሚያግዘው እዚያ ላይ ነው።

ማር ቆራጭ

እባካችሁ ቢጫ ሙጫ ሰሌዳ ስቀሉ ከማለታችሁ በፊት አንድ ቃል ስሙኝ። ንብ አናቢ ነኝ። ጎረቤቴ የቲማቲም ማሳው ዳር ቢጫ ሙጫ ሰሌዳ ተክሎ ንቦቼን፣ አበባ ላይ የሚያንዣብቡትን ዝንቦች፣ የተክል ቅማል የሚበሉትን ጥንዚዛዎች ተለጥፈው አግኝቻቸዋለሁ። ቢጫ ለብዙ ነፍሳት የአበባ ጥሪ ነው። ማንጎ ደግሞ ሲያብብ የሚያዳቅሉለት በአብዛኛው ዝንቦች ናቸው፤ ንቦችም አሉበት። በአበባ ጊዜ ቢጫ ሙጫ የሰቀለ ሰው የገዛ ፍሬውን ነው የሚቀንሰው። ይህን የምለው ለማሬ ብቻ አይደለም።

ሰብል ጠባቂ

ወንድሜ የተናገረውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። በወይራ እርሻዎች ቢጫ ሰሌዳ በብዛት ሲሰቀል ጠቃሚ ነፍሳት መጎዳታቸው የታወቀ ነው። ደግሞም ዝንቧ የምትወጋው አበባውን አይደለም፤ ፍሬው ሲጎለብትና ለመብሰል ሲቃረብ ነው። በአበባ ጊዜ መስቀል ምክንያት የለውም።

ለየጫሞ ዳር የምመክረው ሙጫውን ትቶ ባለ ፈሳሽ ወጥመድ ነው። የሃይላንድ ፕላስቲክህን አትጣለው። የታችኛውን ግማሽ ደማቅ ቢጫ ቅባው፤ ብርቱካናማም የደበዘዘም አይሁን። የላይኛው ግማሽ ግልጽ ሆኖ ይቅር። ማክፌል የሚባለው የታወቀ ወጥመድ አሠራር ይኸው ነው፤ ቢጫውና ሽታው ያስገባታል፣ ከገባች በኋላ ወደ ብርሃን ትወጣለች፣ መውጫዋ ግን ከታች ነው። ስትደክም ፈሳሹ ውስጥ ትወድቃለች። ሁሉንም ከቀባኸው ይህ አይሠራም። ከመካከል ጣት የማያስገቡ ሦስት አራት ቀዳዳዎች ይበቃሉ።

የበሰበሰውን ማንጎ አውጣው፤ የሆምጣጤ ዝንብ የሚጠራው እሱ ነው። በምትኩ ለዚህ የሚዘጋጀውን የእርሾ ፕሮቲን ተጠቀም። ኬንያ ውስጥ ከቢራ ፋብሪካ እርሾ ተረፈ ምርት ያዘጋጁታል። ከእርሾው የሚወጣው የአሞኒያ ሽታ ነው ፕሮቲን የራባትን የሚጠራት። ፈሳሹን በየሳምንቱ ቀይረው፤ አሮጌውንም ከዛፉ ሥር አትድፋው፤ ሽታው ከወጥመዱ ጋር ይፎካከራል።

የቀለሙን ነገር በእኔ ቃል ብቻ አትቀበል። ስድስት የተቀቡ፣ ስድስት ያልተቀቡ ስቀል፤ ፈሳሹ አንድ ይሁን፤ በየሳምንቱ ቦታ አለዋውጣቸው። አለበለዚያ ዛፉን ነው የምትለካው እንጂ ቀለሙን አይደለም።

የጫሞ ዳር (ከስድስት ሳምንት በኋላ)

የሆነውን ልነግራችሁ ተመልሻለሁ። እህታችን እንዳለችው አደረግሁ። የእርሾ ፕሮቲኑን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ከዚያ አሥራ ሁለቱን ሰቀልኩ።

ቢጫዎቹ ካልተቀቡት ከእጥፍ በላይ ይዘዋል። ቦታ ስለዋውጥም የያዘው ያው ቢጫው ነው። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን የሚያዙት ምን እንደሆኑ ነው። ሳህን ላይ ሳያቸው የሚበዙት ጅራታቸው ሹል የሆነው እንስቶቹ ናቸው፤ እስከዚያ ድረስ ወንዱን ከሴቷ መለየት እንደሚቻል እንኳን አላውቅም ነበር። የሆምጣጤ ዝንቡ ጥቂት ብቻ ሆነ። ንብ ያገኘሁት አንዲት ናት።

አንዱ ቢጫ ወጥመድ ግን ባዶውን ከረመ። ከአባቴ ዛፎች በአንደኛው፣ ቅጠሉ እጅግ በጨለመበት መሃል የሰቀልኩት ነው። ከሀድሰን ሸለቆ የጻፈችልን እህት ስለ ብርሃኑ የተናገረችውን አስታውሼ ዙሪያውን መለመልኩለት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያዘ። ሰማያዊውን ጨርቅ ደግሞ ለአጎቴ ሰጠሁት፤ ጥቁር ጨርቅ ቀጥሎበት በከብቶቹ መዋያ በኩል ሊተክለው ነው።

ትሉስ? ቀንሷል፤ አልጠፋም። የወደቁትን ማንጎዎች ልጆቼ በየማለዳው እየለቀሙ በጥቁር ፌስታል አስረው ፀሐይ ላይ ያስቀምጧቸዋል። ከወጥመዱና ከዚህ የትኛው እንደረዳኝ መለየት አልቻልኩም። የጎረቤቴ የወደቀ ማንጎ ግን እስካሁን ከአጥሩ ማዶ ተከምሮ ይበሰብሳል። ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።

ሰብል ጠባቂ

በጣም ደስ ብሎኛል። አብልጦ የረዳህ የልጆችህ ለቀማ ይመስለኛል፤ ከአንድ የወደቀ ማንጎ በአሥራዎቹ የሚቆጠሩ ዝንቦች ሊወጡ ይችላሉ፤ ወጥመድህ ያን ሁሉ ተከታትሎ አይይዝም። ፌስታሉ የማይመች ከሆነ ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት፤ ከዚያ ጥልቀት ዝንቡ አይወጣም።

ለጎረቤትህ ደግሞ በቃል አትንገረው። የወጥመድህን ሳህን ይዘህ ሂድና እንስቶቹን አሳየው። ከአጥሩ አጠገብ ያለውን ወጥመድ ለብቻ ቁጠር፤ ከመሃሉ ጋር አወዳድር።

የጫሞ ዳር

ከአጥሩ አጠገብ ሁለት ወጥመዶች አሉኝ፤ እስካሁን ከሌሎቹ ጋር ቀላቅዬ ነበር የምቆጥራቸው። ነገ ፈሳሹን ስቀይር ለይቼ እቆጥርና ሳህኑን ይዤለት እሄዳለሁ። የሆነውን እጽፍላችኋለሁ።